ከግርፋቱ ይልቅ ቀለቡና መንገዱ፦ የቅኝ ግዛት የግዳጅ ሥራ የሕዝብን ጤና የጎዳው በምን በኩል ነው?

ጥያቄው፦ «የሕዝብ ጤና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ስለነበረው የግዳጅ ሥራ ልጽፍ ነው። ያገኘኋቸው ጽሑፎች በብዛት የሚያወሩት ስለ ግርፋትና ስለ ሥራ አደጋ ነው። አማካሪዬ ግን ‹ሰዉን የጨረሰው እሱ አይደለም፤ በሽታውን ፈልጊ› አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? ሐኪም ቤቱስ የገባው በዚያው ዘመን አይደለም ወይ? ጉዳቱ እስከ ዛሬ ዘልቋል የሚባለውስ በምን ተለክቶ ነው?»

አማካሪዎ ልክ ናቸው። ግርፋቱ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ፣ በሰነድም ተመዝግቧል። ነገር ግን የሟቾችን ዝርዝር በሞቱበት ምክንያት ቢለዩት ከላይ የሚያገኙት ተቅማጥን፣ የሳንባ ምችን፣ ቤሪቤሪን (ከቫይታሚን ቢ-1 እጦት የሚመጣ በሽታ) እና መመንመንን ነው። ድንጋይ የተናደበትና ድማሚት የፈነዳበት ሰው ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ስንቱ ተገረፈ?» ከማለት ይልቅ «ከየት መጣ፣ በምን ተጓዘ፣ ምን በላ፣ የት ተኛ፣ በሌለበት ማሳውን ማን አረሰለት?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ ቦታ ይደርሳሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በደንብ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ ልውሰድ፦ በፈረንሳይ ኢኳቶሪያል አፍሪካ የተሠራውን የኮንጎ–ኦሴያን የባቡር መስመር። ከብራዛቪል ተነሥቶ ፑዋንት ኑዋር ወደብ ድረስ 510 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1921 ተጀምሮ በ1934 ተመረቀ። በባሕሩ በኩል ያለውን ክፍል የሠራው ባቲኞል የተባለው ኩባንያ ሲሆን ሰው የማቅረቡን ግዴታ የወሰደው ግን መንግሥት ነው። ይህችን ነጥብ አይለፏት። ሰው ሲሞትበት ተተኪውን መንግሥት የሚያመጣለት ኩባንያ ሠራተኛውን በሕይወት ለማቆየት የሚያወጣው ወጪ ኪሳራ ሆኖ ይታየዋል። በመስመሩ ላይ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው አልፏል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ የሟች ቁጥር ወደ 17,000 ነው። ዝቅተኛ ያልኩበትን ምክንያት ኋላ እመለስበታለሁ።

መስመሩ ማዮምቤ የሚባለውን በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ተራራማ አገር ይሰነጥቃል። የአካባቢው ሰው ሲያልቅና ወደ ጫካ ሲሸሽ ምልመላው ወደ ሰሜን ሄደ፤ መጀመሪያ ወደ ኡባንጊ-ሻሪ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ማዕከላዊ አፍሪካ፣ ከ1925 ወዲህ ደግሞ እስከ ደቡብ ቻድ ሳራ ሕዝብ ድረስ። ሳራዎች ቁመተ መለሎና ብርቱ ስለነበሩ «ጥሩ ሠራተኛ» ተባሉ። ከሣር ሜዳ አገር፣ ከደረቅ አየርና ከማሽላ ገንፎ የመጡ ሰዎች ናቸው። የሄዱት ፀሐይ ወደማይገባበት፣ ሌሊቱ ወደሚበርድ፣ ልብስ ወደማይደርቅበት ደን ነው። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚህ ያለውም ያው ነው፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተባዝቶ።

ጉዞው ራሱ ያደክማል። ከመንደር እስከ ወንዝ በእግር፣ ከዚያ በኡባንጊና በኮንጎ ወንዞች በታጨቀ ታንኳ፣ ከብራዛቪል ደግሞ እንደገና በእግር እስከ ሥራው ቦታ። በታንኳው ላይ ጥላ የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ የሚጠጣው የወንዝ ውኃ ነው። የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 100 ፍሬ ብቻ ይበቃዋል፤ ኮሌራ እንኳ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በአንድ ታንኳ ላይ አንድ ታማሚ ካለ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከሚወርደው ሰው ብዙው ታማሚ ነው። እንዲህ ሆኖ የደረሰውን ነው አካፋ የሚያስይዙት።

አሁን ወደ ቀለቡ እንምጣ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነው። በደንቡ ላይ የተጻፈውን ቀለብ ብቻ ካዩ ክፉ አይመስልም። ሂሳቡን ይሥሩት። የደረቀ የካሳቫ ዱቄት በ100 ግራም 340 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ ፕሮቲኑ ግን 1.5 ግራም ቢሆን ነው። 700 ግራም የበላ ሰው ወደ 2,400 ኪሎ ካሎሪና 10 ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ያንኑ 700 ግራም በማሽላ ቢያገኘው ካሎሪው ያው ሆኖ ፕሮቲኑ ከ70 ግራም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ አፈር የሚቆፍር ሰው ቢያንስ 3,500 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማሽላ በል የነበረውን ሳራ ካሳቫ ላይ ማዋል «ምግብ መቀየር» ብቻ አይደለም፤ የዕለት ፕሮቲኑን ወደ አንድ ሰባተኛ ማውረድ ነው። ደረቅ ዓሣው በሰዓቱ ከደረሰ ይካካሳል፤ ከዘገየ ወይም ከተበላሸ አይካካስም። ባቡሩ ገና ያልተሠራበት ተራራ ላይ ዓሣውን የሚያደርሰው ደግሞ ሌላ ተሸካሚ ነው።

ሩዝ ሲሰጥ ሌላ ጣጣ አለ። የተፈተገ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ-1፣ 0.07 ሚሊ ግራም ያህል ነው። 600 ግራም የበላ ሰው 0.4 ሚሊ ግራም ያገኛል፤ የሚያስፈልገው 1.2 ነው፣ ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ። ሰውነት የሚያጠራቅመው ታያሚን 30 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ በሁለትና ሦስት ሳምንት ያልቃል። ከዚያ በኋላ እግር ያብጣል ወይም ይደነዝዛል፣ ልብ ይደክማል፣ ሰውየው ዳገት ላይ ቁጭ ይላል። አለቃው «ሰነፈ» ብሎ ይመዘግባል። እርስዎ መዝገብ ሲያነቡ ቤሪቤሪ የሚለውን ቃል ብቻ አይፈልጉ፤ ከገባ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ «እብጠት»፣ «ድካም»፣ «ድንገተኛ ሞት» የተባለውንም ይሰብስቡ።

እህሉ በቂ ሆኖ እንኳ የሚያበስለው ማን ነው? በመንደሩ የምትፈጨውና የምታበስለው ሴት ነበረች። ካምፑ ውስጥ ሴት ጥቂት ናት፤ ድስቱ አይበቃም፤ እንጨቱ ርጥብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ የተሸከሙትን ሰዎች ይመልከቱ። ሙዝና ሩዝ የለመደው ሁሉ የበቆሎ ዱቄት ተሰጠው፤ ሲመሽ ደክሞ የገባ ሰው ዱቄቱን ለብ አድርጎ ይውጠዋል። ያልበሰለ ዱቄት የለመደውንም አንጀት ያውካል፤ ቀድሞ የቆሰለውን ደግሞ ይጨርሰዋል። በእንግሊዝ በኩል ብቻ ከ95,000 የማያንሱ ተሸካሚዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ዋናው ምክንያት ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። በናይሮቢ «ካሪያኮር»፣ በዳሬ ሰላም «ካሪያኮ» የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ የተሸካሚዎች ጓድ ነው።

ተሸካሚን በተመለከተ አንዲት ቀላል ስሌት ብዙ ነገር ታስረዳለች። አንድ ሰው 25 ኪሎ ይሸከማል እንበል፤ በቀን 1 ኪሎ ይበላል። 25 ቀን ከተጓዘ የተሸከመውን በሙሉ ራሱ በላው ማለት ነው። ደርሶ መልስ ከሆነ ገደቡ 12 ቀን ላይ ያበቃል፤ ያኔም ቢሆን ለወታደሩ ያደረሰው ነገር የለም። አዛዡ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ የተሸካሚውን ቁጥር ማብዛት ወይም ቀለቡን መቀነስ። ሁለቱም ተደረጉ። በየመንገዱ ያለው መንደር ጎተራም በዚሁ ሂሳብ ተራቆተ።

አዲስ መጤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሞትበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የሳንባ ምች። በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ወርቅ ማዕድን ከሞቃታማው ሰሜን የመጡ ሠራተኞች የሳንባ ምች በሚያመጣው ኒሞኮከስ በተባለ ባክቴሪያ እንደ ቅጠል ሲረግፉ በ1911 አልምሮት ራይት የተባለው ሐኪም ክትባት ሞከረ፤ በ1913 ደግሞ ከ22 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በስተሰሜን ካለው አገር ሰው መመልመል ተከለከለ። ያ ምልመላ በብዛት በግብር ጫና የሚገፋ እንጂ እንደ ኮንጎ–ኦሴያን በገመድ የሚጎተት አልነበረም። ለሳንባው ግን ልዩነት የለውም፤ ከተበታተነ መንደር የመጣን ሰው መስኮት የሌለው አዳራሽ ውስጥ ከብዙ እንግዳ ጋር ማስተኛት ውጤቱ አንድ ነው።

«እነዚህ ሰዎች የሞቱት በአየሩ ነው፣ ሐሩር ምን ይደረጋል» የሚል መከራከሪያ በሥነ ጽሑፉ ውስጥ ይገጥምዎታል። መልሱ በቤልጂግ ኮንጎ ካታንጋ አለ። ዩኒዮን ሚኒየር የተባለው የመዳብ ኩባንያ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሰው ማግኘት ሲወደድበት መንገዱን ቀየረ፤ ረጅም ውል፣ ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት፣ የተሻለ ቤትና ቀለብ። ሞቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣም ወረደ። አየሩ ያው ነው፣ ጀርሙም ያው ነው፤ የተለወጠው የሰው ዋጋ ነው። በኮንጎ–ኦሴያንም ቢሆን ጉዳዩ በአውሮፓ ጋዜጦች ከወጣና ጩኸት ከበዛ በኋላ፣ ከ1930 ገደማ ጀምሮ፣ ቀለቡና ማጓጓዣው ሲሻሻል ሞቱ ቀንሷል። ለጽሑፍዎ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም ባይ ነኝ።

የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ግዳጅ ሥራ በ1930 ያወጣውን ቁጥር 29 ስምምነትም ያንብቡ፤ የሕግ ሰነድ ሆኖ ሳለ እንደ ጤና ሰነድ ይነበባል። አንቀጽ 11 ከአንድ መንደር ከሚገኙ አቅም ያላቸው አዋቂ ወንዶች በአንድ ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይወሰድ ይል ነበር። አንቀጽ 12 በዓመት ከ60 ቀን እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። አንቀጽ 16 ደግሞ ሰውን ምግቡና አየሩ ከለመደው በጣም ወደሚለይ አገር ወስዶ ጤናውን አደጋ ላይ መጣልን ይከለክል ነበር፤ የግድ ከሆነም ቀስ በቀስ እንዲላመድ ያዝ ነበር (እነዚህ የሽግግር አንቀጾች በ2014 በወጣው ፕሮቶኮል ተሰርዘዋል)። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሰዉ በምን እንደሚሞት ሳያውቁ አይጻፍም።

እስካሁን ያልነው ስለሄደው ሰው ነው። የቀረው መንደርስ?

ስሌቱን በምሳሌ ላስቀምጠው። 1,000 ነፍስ ካለው መንደር 250 አቅም ያላቸው ወንዶች አሉ ብንል፣ 60ዎቹ ሲወሰዱ ከእጁ ሩብ ያህሉ ጎደለ። ግን ጫካ የሚመነጥረው፣ ጎጆ የሚሠራው፣ የሚያድነውና ዓሣ የሚያጠምደው ወንዱ ስለነበረ የጎደለው ሩብ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደው በምንጣሮ ወቅት ከሆነ የዓመቱ ማሳ ነው። ከዚያ ሴቲቱ ብዙ እንክብካቤ የሚጠይቀውን እህል ትታ ካሳቫ ትተክላለች፤ ካሳቫ ጊዜ አይጠይቅም፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል፣ ቀማኛም ቶሎ አያነሣውም። በሞዛምቢክ ከ1938 ጀምሮ ጥጥ በግዴታ ሲተከል የሆነው ይኸው ነው፤ የሥራ እጁን ጥጡ በላው፣ ለሆድ የቀረው ካሳቫ ነው።

መራራው ካሳቫ ደግሞ መርዝ አለው፤ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር። መርዙ የሚወጣው ሥሩ ተልጦ ውኃ ውስጥ ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲዘፈዘፍ፣ ከዚያም በፀሐይ ሲደርቅ ነው። ጊዜ ያጠራት ሴት በአንድ ቀን ታወጣዋለች። ቀሪውን መርዝ ሰውነት ለማክሸፍ ድኝ ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ይፈልጋል፤ እነሱ የሚገኙት ከሥጋ፣ ከዓሣና ከጥራጥሬ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ፣ ማለትም ያልወጣ መርዝና የፕሮቲን እጦት፣ ኮንዞ የሚባለው በሽታ ይመጣል። ሰውየው ማታ ደህና አድሮ ጠዋት እግሮቹ እኩል ግትር ይላሉ፤ በሽታው አይብስም፣ አይድንም። በብዛት የሚያጠቃው ሕፃናትንና በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነው። በሕክምና ጽሑፍ በዝርዝር የታወቀው በ1938 ከቤልጂግ ኮንጎ ክዋንጎ አውራጃ ነው። እያንዳንዱን የኮንዞ ወረርሽኝ በግዳጅ ሥራ ላይ ማላከክ ስሕተት ነው፤ ድርቅና ጦርነትም ያንኑ ያደርጋሉ። ሰንሰለቱ ግን ይኸው ነው፦ የተወሰደ ጉልበት፣ ያጠረ የመዘፍዘፊያ ጊዜ፣ የጠፋ ፕሮቲን። (ካሳቫ በወላይታና በጋሞም ስለሚበላ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።)

ከማሳው ቀጥሎ በሽታው ራሱ አገር ይለውጣል። ከሁሉ የከፋው የእንቅልፍ በሽታ ነው፤ ገበሬያችን በከብቱ ላይ ሲያየው «ገንዲ» የሚለው በሽታ ዘመድ። አስተላላፊዋ ፀፀ ዝንብ በማዕከላዊ አፍሪካ ጥላ ባለበት የወንዝ ዳር ትኖራለች። የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን በግሉ በያዘበት ዘመን፣ ከ1885 እስከ 1908፣ የኮንጎ ወንድ የታዘዘበትን የጫካ ጎማ ኮታ ለመሙላት በወሩ ውስጥ አብዛኛውን ቀን ጫካ ያድር ነበር፤ ኮታውን እስኪያመጣ ሚስቱ ታግታ ትቆያለች። ሰዉ ሸሽቶ መንደሩ ጠፍ ሲሆን ቁጥቋጦው ይመለሳል፣ ዝንቧም ከቁጥቋጦው ጋር። ተሸካሚውና ወታደሩ ደግሞ ተውሳኩን በደሙ ይዞ ከወንዝ ወደ ወንዝ ያደርሰዋል። በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከ1900 ጀምሮ በተነሣው ወረርሽኝ 250,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

ሙጀሌም የዚህ ዘመን መንገደኛ ነች። ከብራዚል በመርከብ አንጎላ የገባችው በ1872 ነው፤ ከዚያ በተሸካሚዎች እግር አህጉሩን አቋርጣ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሕንድ ውቅያኖስ ደረሰች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ባዶ እግሩን 25 ኪሎ የሚሸከም ሰው ጣቱ ሲመግል ግን ተቀምጦ የሚቀረው መንገድ ላይ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚዘልለው መካንነትን ነው። በቤልጂግ ኮንጎ ከ1955 እስከ 1957 የተደረገው የሕዝብ ጥናት እንዳሳየው በአንዳንድ የሰሜንና የምዕራብ አውራጃዎች ልጅ ሳይወልዱ የወሊድ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴቶች ከአምስት አንድ ይበልጣሉ፤ በጤናማ ሕዝብ ውስጥ የሚጠበቀው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ዋናው ምክንያት ያልታከመ ጨብጥና መሰሎቹ ናቸው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ወጥቶ የማህፀን ቱቦን ይደፍነዋል። ወንድን ለወራት ከቤቱ ለይቶ፣ ሴት ጥቂት በሆነችበት ካምፕና ከተማ አከማችቶ፣ መልሶ ወደ መንደሩ መላክ ለጨብጥ ከዚህ የተመቸ ዝግጅት የለም። ኤችአይቪ በሰው መካከል መዛመት የጀመረው በ1920 ገደማ በዛሬዋ ኪንሻሳ እንደሆነ የቫይረሱ ዘረመል ጥናት ያመለክታል፤ ያኔ ከተማዋ በወንድ ሠራተኛ የተሞላች፣ በባቡርና በወንዝ የተሳሰረች ነበረች። ያልተወለደ ልጅ ሬሳ የለውም፣ መዝገብ ላይም አይወጣም። «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ብቻ የሚቆጥር ሰው የጉዳቱን ትልቅ ክፍል ሳያየው ያልፋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሐኪም ቤት ገብቷል፣ እውነት ነው። የገባው በብዛት ሠራተኛ ባለበት ቦታና ሠራተኛ በሚያሳጣው በሽታ ላይ ነው። የእንቅልፍ በሽታ ዘመቻው ማይክሮስኮፕ ይዞ መንደር ለመንደር የሚዞር፣ ሰውን አሰልፎ አንገቱን የሚዳስስና ደሙን የሚወስድ፣ በሥራው የረቀቀ ድርጅት ነበር፤ በካሜሩን ያስፋፋው ኤዤን ጃሞ ብዙ ሕይወት አትርፏል። የመጀመሪያው መድኃኒት አቶክሲል አርሴኒክ ያለበት ስለሆነ የዓይን ነርቭ ያደርቃል። በካሜሩን ባፊያ በ1930 አካባቢ ሌላው የአርሴኒክ መድኃኒት ትሪፓርሳሚድ ከልኩ በላይ ተሰጥቶ 700 ያህል ሰው ታወረ። መርፌው በግዴታ የሚወሰድ ነበር፤ እምቢ ያለ ይቀጣል። በቀድሞው ፈረንሳይ ኢኳቶሪያል አፍሪካና በካሜሩን ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዘመቻው አብዝቶ የጎበኛቸው ቦታዎች ዛሬ ልጅ የማስከተብ መጠናቸው ያነሰ፣ ለምርመራ ደም ለመስጠትም የሚያንገራግሩ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ክትባቱንና ሐኪም ቤቱን በ«ትርፍ» ዓምድ ብቻ አይጻፏቸው።

አሁን ልኬቱ። በመዝገብ ሲሠሩ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚካፈለው ቁጥር ላይ ነው። አንድ ካምፕ በማንኛውም ቀን በአማካይ 1,000 ሰው አለው፤ በዓመቱ ግን ሰዉ እየተተካ 2,500 ሰው አልፎበታል፤ 250 ሞቷል። ለ1,000 ቢያካፍሉ 25 በመቶ፣ ለ2,500 ቢያካፍሉ 10 በመቶ ነው። ሁለቱም «ዓመታዊ የሞት መጠን» ተብሎ ሪፖርት ላይ ይወጣል፤ አስተዳደሩ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። ሰንጠረዡን ከመገልበጥዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ያጣሩ፤ የሚቻል ከሆነ ሰው-ወር ይቁጠሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው ካምፑ ውስጥ የቆየባቸውን ወራት ደምረው ለዚያ ያካፍሉ። ሁለተኛ፣ ሞትን በአራት ይክፈሉ፦ በመንገድ የሞተ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሞተ፣ ከዚያ በኋላ የሞተ፣ «አቅም አጥቷል» ተብሎ ከተሰናበተ በኋላ የሞተ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ በኩባንያው መዝገብ የሉም፤ 17,000ን ዝቅተኛ ያልኩት ለዚህ ነው። የጠፉትንም ሁሉ «ኮበለለ» ብለው አይመኑ፤ ጫካ ውስጥ ወድቆ የቀረም ኮብላይ ተብሎ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ በ1890ዎቹ የታየውን የሕዝብ መመናመን በሙሉ ለግዳጅ ሥራ አይስጡ። እኛ ክፉ ቀን የምንለውን ረኃብ ያመጣው የከብት በሽታ ያኔ ወደ ደቡብ እየወረደ ነበር፤ በከብት አርቢ አገር የሆነውን ከእሱ መለየት ያስፈልጋል።

እስከ ዛሬ ዘልቋል የሚለው የተለካው በድንበር ማነጻጸር ነው። ታዋቂው ምሳሌ ከአፍሪካ ውጭ፣ ከፔሩና ከቦሊቪያ ነው። የስፔን ቅኝ ገዥዎች ከ1573 እስከ 1812 ከ200 በላይ መንደሮችን ከአዋቂ ወንዶቻቸው አንድ ሰባተኛውን ለፖቶሲ የብርና ለዋንካቬሊካ የሜርኩሪ ማዕድን እንዲያቀርቡ አስገደዱ፤ ሚታ ይባላል። ወንዶቹ ከመንደሩ ሲሰደዱ ኮታው በፍጥነት ስለማይቀንስ ሸክሙ የቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ይሰደዳሉ። ሜሊሳ ዴል በ2010 ባሳተመችው ጥናት ከሚታው ድንበር ወዲህና ወዲያ ያሉ፣ በከፍታና በቋንቋ የሚመሳሰሉ ቦታዎችን አነጻጽራ፣ በውስጥ ያሉት ቤተሰቦች ፍጆታ 25 በመቶ ያህል ዝቅ ያለ፣ የሕፃናት መቀንጨር ደግሞ 6 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ያህል ከፍ ያለ ሆኖ አገኘችው። ይህ የሆነው ሥርዓቱ ከቀረ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ጉዳቱ በደም አልተላለፈም፤ የተላለፈው የመንገድ፣ የትምህርትና የገበያ እጦት ነው። በኮንጎም ኤቢአርና አንቨርስዋዝ የተባሉት የጎማ ኩባንያዎች ይዘውት በነበረው መሬት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል፤ በውስጥ ያሉት በትምህርት፣ በሀብትና በጤና ያንሳሉ። የሚገርመው እርስ በርስ መተማመናቸው አልቀነሰም፤ የተበላሸው የአለቆቻቸው ነገር ነው፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚያደርጉት ያነሰ ነው።

እርስዎም ይህን መንገድ መሞከር ይችላሉ። የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃ ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፤ የሕፃናት ቁመትና የመንደሩ ጂፒኤስ አለው። መቀንጨርን ለዕድሜ የሚሆን ቁመት ከዓለም ጤና ድርጅት መካከለኛ ልክ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን ሲያንስ ብለው ይውሰዱ፤ የእናትን ትምህርት መቆጣጠሪያ አድርገው አያስገቡ፣ ምክንያቱም ራሱ የግዳጅ ሥራው ውጤት ሊሆን ይችላል። አንድ ወጥመድ ይጠብቁ፦ የዳሰሳው ጂፒኤስ የሰዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሆን ተብሎ ይዛባል። በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹ መቶ አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ከድንበሩ ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ያለ የገጠር ነጥብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በእርግጠኝነት አይታወቅም። መጀመሪያ ከነሱ ጋር ያስሉ፣ ቀጥሎ አውጥተዋቸው ያስሉ፣ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ያቅርቡ።